ግማሽም ሙሉም ያልሆነው ወንድም

የማወጋችሁ ነገር የሆነው በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ነው። ጠዋት አምቦ ላይ ተጀምሮ ሳይመሽ እጃጂ ላይ አለቀ፤ አለቀ ማለት ከተቻለ። ዓመታት አልፈውም ሳስበው ያ ጭቃ እግሬ ላይ የሚከብደኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ስነግራችሁ ታገሡኝ።

አስቀድሜ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሰሌዳውን በመስመር ለሦስት ከፍዬ የምጽፍ፣ ጠመኔዬን በየቀለሙ ለይቼ የማስቀምጥ፣ ደወል ተደውሎም ማስረዳት የማላቆም ሰው ነበርኩ። ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው የዘር ውርስን ነው። ሴት በክብ፣ ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ጋብቻ በአግድም መስመር፣ ልጅ በቁልቁል መስመር፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። በየዓመቱም ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር፦ የቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ ሠርታችሁ አምጡ።

ጫላ ጉዲና የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። "ቲቼን ውሃ አጠጣኝ ካላችሁት፣ ውሃ ከምን ከምን እንደሚሠራ ሳይነግራችሁ አያጠጣችሁም" እያለ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያስቅብኛል። የቤቱን ታሪክ ደጋግሞ ነግሮኛል። አባቱ ጉዲና የሞተው እሱ በእናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ነው። እጃጂ ላይ ያሳደጉት እናቱ አዴ ጌጤ ናቸው። ማሳቸውን እያረሱ፣ ለእሱም ደብተርና ጫማ እየገዙ የረዷቸው ደግሞ የአባቱ ታናሽ ወንድም ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ጫላ "አቤራ" ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ የአባት ወንድም የሚጠራበት ነው፤ አዴና ኦቦም ወይዘሮና አቶ እንደማለት ናቸው።

አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ ሌሊሴ። አባታቸው ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከለቅሶው በኋላ የአባቷ እህት ወደ አምቦ ወስዳ አሳደገቻት። ነርስ ሆነች፣ በትዳር ኖርዌይ ገባች፣ እዚያው ቀረች። እናቷንና ወንድሟን ታውቃቸው የነበረው ለበዓል ወደ እጃጂ ስትወሰድ ብቻ ነበር።

የአባቷን መልክ አታስታውስም፤ ፎቶ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል እዚያ አገር ሰዎች የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ በዲ ኤን ኤ ሲፈልጉ አይታ እሷም የገባችበት። ምራቅ በትንሽ ቱቦ ተጠራቅሞ ይላካል፤ ከሳምንታት በኋላ በስልክህ ላይ የዘመዶችህ ዝርዝር ይመጣል። በእሷ ዝርዝር ላይ የመጡት ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸው፣ ከየትኛው አያት በኩል እንደሚገናኟት እንኳ የማይታወቅ የሩቅ ሰዎች ነበሩ። መነሻ እንዲሆናት ብላ ለጫላ ቱቦ በሰው እጅ ላከችለት፤ እሱም እየሳቀ ተፍቶበት በሰው እጅ መለሰላት። ውጤቱ የደረሰው እሷ ያንን ክረምት ለዕረፍት አምቦ በመጣችበት ሳምንት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጫላ በሬን አንኳኳ። "ልብስህን ልበስ" አለኝ። "እህቴ ሆቴል ተቀምጣለች። የአንተ ትምህርት ነው፤ እኔ ምንም አልገባኝም።"

ሌሊሴን ያገኘኋት ያዘዘችው ማኪያቶ ፊቷ ቀዝቅዞ ነው። ሰኞ በረራዋ ነው። ለጉዞዋ መጨረሻ ያቆየችው እናቷን ማየት ነበር፤ ያን ዕለት ወደ እጃጂ ሊሄዱ ተቀጣጥረው ነበር። አሁን ግን አልሄድም ብላለች። ስልኳን ወደ እኔ ገፋችው። ከዝርዝሩ አናት ላይ የጫላ ስም አለ፤ ከሥሩ "የቅርብ ቤተሰብ፦ ግማሽ ወንድም" ይላል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ማለቱ ነው።

"ሙሉ ወንድሜ ቢሆን ሙሉ ይለኝ ነበር፤ አይደል?" አለች።

"ስያሜው የድርጅቱ ግምት ነው" አልኳት። "ማሽኑ የሚያየው ምን ያህል እንደምትጋሩ ብቻ ነው። እናታችሁን፣ አባታችሁን አያውቅም። ቁጥሩን አይቶ በጣም የሚቀርበውን ስም ይለጥፋል።"

"ስለዚህ ተሳስቷል?" አለ ጫላ።

ቁጥሩን አየሁት። ለግማሽ ወንድም በዛ፤ ለሙሉ ወንድም አነሰ። ከሁለቱ መካከል ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስክሪብቶ አወጣሁና ናፕኪን ላይ መስመር ማስመር ጀመርኩ። እናንተም እንድትረዱት እዚያ ያልኩትን ልድገመው። ሰው ሁሉ እንደ መጽሐፍ ቢሆን፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሁለት ቅጂ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ። እህትና ወንድም ሲነጻጸሩ አንዳንድ ቦታ አንድ ቅጂ ይመሳሰላል፣ አንዳንድ ቦታ ሁለቱም፣ አንዳንድ ቦታ ምንም።

"ሁለታችሁን መስመር በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ይኖር ይሆን?" አልኳት።

ነበራት። ከፈተችው። በረጃጅም መስመሮች ላይ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ተሠራጭቷል።

"ባንዲራ ነው እንዴ?" አለ ጫላ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም።

"ቢጫው አንድ ቅጂ የሚገጥምበት ነው" አልኩ። "ቀዩ ምንም የማይገጥምበት። አረንጓዴው ሁለቱም የሚገጥሙበት። በእናት ብቻ የሚገናኙ ልጆች አረንጓዴ አይኖራቸውም፤ ምክንያቱም በአባት በኩል የሚገጥም የላቸውም። በእናትም በአባትም አንድ የሆኑ ደግሞ ከመስመሩ ሩብ ያህሉ አረንጓዴ ይሆናል። እናንተ አረንጓዴ አላችሁ፤ ግን መሆን ከሚገባው ግማሹን ያህል ነው።"

"እና?" አለች ሌሊሴ።

እዚህ ላይ ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን ናፕኪኑን ነበር የማየው። "እና አባታችሁ አንድ አይደለም፤ ግን የጫላ አባት ለአንቺ አባት የቅርብ የሥጋ ዘመድ ነው። ልክ የሚገጥመው ወንድም ለወንድም ቢሆኑ ነው። አባታችሁ ስንት ወንድም ነበረው?"

ጫላ ናፕኪኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። "አንድ።"

ማንም ስም አልጠራም። የሆቴሉ አስተናጋጅ መጥታ ሌላ የሚጨመር ነገር እንዳለ ጠየቀች፤ ጫላ በእጁ የለም አላት።

"ግማሽ ሲለኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር" አለች ሌሊሴ። "የማላውቀው ሰው ነው ብዬ እተወው ነበር። ከወንድሙ ጋር? አባቴ በሕይወት እያለ?"

"መቼ እንደሆነ ሥዕሉ አይናገርም" አልኩ።

"ጫላ ሆድ ውስጥ እያለ ነው አባታችን የሞተው፤ አይደል የሚባለው? መቼ ሊሆን ይችላል ታዲያ?" ተነሣች። "እጃጂ እንሄዳለን። እናቴ ቤት ግን አልገባም። አቤራ ዘንድ ነው የምሄደው። አንተም ትመጣለህ፤ ይሄን የነገርከኝን እንዳለ ትነግራቸዋለህ፤ አይክዱኝም።"

ስንወጣ ጫላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ስታስረዳ ደስ ይልሃል፤ አይደል ቲቼ?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ሚኒባሱ ተሳፋሪ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ሌሊሴ ከእኔ ጎን ተቀመጠች፤ ጫላ ከኋላ ወንበር። ጉደርን አለፍን፣ ባቢችን አለፍን። ጌዶ ስንደርስ ጉሙ ከመስታወቱ ላይ ተኝቶ ሹፌሩ በእግር ፍጥነት ነዳ። በየመንገዱ ከሹፌር ጋር የሚሟገተው፣ የማያውቀውን ሰው የሚያስቀው ጫላ፣ ያን ቀን አፉን አልከፈተም።

ሌሊሴ መስኮቱን እያየች ነገረችኝ። "ከአባቴ ለቅሶ በኋላ እናቴ ልብሴን በነጠላ ቋጥራ ለአክስቴ ሰጠችኝ። ያን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ ስትቋጥር። ጥሩ አድርጋ ነበር የቋጠረችው፤ አይፈታም። ዕድሜዬን ሙሉ እኔን ሰጥታ እሱን ያስቀረችው ወንድ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ለካ ነገሩን የምታይባትን ልጅ ከቤት ማራቋ ነው።"

"የአራት ዓመት ልጅ ግን ብዙም..." ብዬ ጀመርኩ።

"አታስረዳኝ" አለች በቀስታ።

እጃጂ ስንወርድ ያካፋ ነበር። የአዴ ጌጤ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ወደ ኦቦ ዲንሳ የሚወስደው መንገድ በአጥሩ ሥር ያልፋል። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። ጫላ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እህቱን አያት። እሷ ጥላዋን ወደዚያ ወገን አዘንብላ አለፈች። እሱም ተከተላት። ዶሮ የሚያባርር የሴት ድምፅ ከግቢው ውስጥ ተሰማን፤ የማን እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል።

ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው። ጫማዬ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ቀረ። የሌሊሴ የኖርዌይ ቦቲ ሳይቀር እየተጣበቀ ያስቸግራታል። ኦቦ ዲንሳን ያገኘናቸው የማዳበሪያ ከረጢት ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከጎተራቸው ሥር ውሃ እንዲወጣ በዶማ ቦይ ሲቆፍሩ ነው። ቀና ብለው ሌሊሴን ባዩ ጊዜ ዶማውን ጣሉትና ጉንጯን ደጋግመው ሳሟት። መጀመሪያ የጠየቁት ግን ይህን ነው፦ "እናትሽ አይታሻለች?"

"አላየችኝም።"

"እንግዲያ መንገድ ስተሻል፤ ቤቷ በታች ነው" አሉ።

ባለቤታቸው አዴ ቦንቱ አስገቡን፤ እሳቱን ቆሰቆሱልን፣ ቆሎና አሬራ አቀረቡልን። ማንም አልነካውም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ኖርዌይ ላይ ዝናብ ይኑር አይኑር ተጠየቀ። ከዚያ ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ንገራቸው።"

በኦሮምኛ ጀመርኩ። ስለ ምራቁ፣ ስለ ሁለቱ ቅጂ፣ ስለ ቢጫውና ስለ አረንጓዴው። አፌ እየከበደኝ መጣ። በሰሌዳ ላይ የሚያምረው ነገር አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያዩህ አያምርም። ለማሳጠር ብዬ አንድ ምሳሌ ጨመርኩ፤ ምሳሌው ሌላ ምሳሌ ፈለገ።

"ባርሲሳ" አሉ አዴ ቦንቱ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ዙሪያውን አትዙርብን። ጫላ የዲንሳ ነው ለማለት ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"ታዲያ ይሄን ማን አያውቅም?"

"ማን ነው የሚያውቀው?" አለ ጫላ። ከአምቦ ከወጣን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

"በኛ ዕድሜ ያለ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ነህ" አሉና አዴ ቦንቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ባላቸው እያዩዋቸው ነበር።

ኦቦ ዲንሳ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ። ከዚያ የተናገሩት ለጫላ ሳይሆን ለሌሊሴ ነው። "አባትሽ በሕይወት እያለ እናትሽን በክፉ ዓይን ያያት ሰው የለም። ይሄን አስቀድመሽ ስሚ። ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የጉዲና ቤት ይዘጋል፣ ስሙ ይጠፋል አሉ። ዻላ ነው።"

ለማታውቁት፣ ዻላ የሟች ወንድም ሚስቱን የሚረከብበት የድሮ ልማድ ነው። በዚያ ቤት ግን ነገሩ ድግስ አልነበረውም፤ ቄሱ አልፈቀዱም ነበርና በዝምታ ሆነ። ኦቦ ዲንሳ ያኔ ወጣት ናቸው፤ ገና አላገቡም። ወንድ ልጅ ከተወለደ የጉዲና ስም ይጠራበታል ተብሎ በሽማግሌዎች ፊት ቃል ሰጡ። ጫላ ተወለደ፤ ስሙ ተሰጠው። ከዚያ ኦቦ ዲንሳ ወጥተው አዴ ቦንቱን አገቡ። አባትህ የሞተው በሆድ እያለህ ነው የተባለው ልጁ እንዳይጠይቅ ነው። ሌሊሴ በዚያን ጊዜ አምቦ ነበረች፤ ዓመቱን የሚቆጥርላት ሰው አልነበረም።

"ቤቱ እንዳይዘጋ ነው የምትሉት?" አለች ሌሊሴ። "እኔ ነበርኩ እኮ።"

"ነበርሽ" አሉ።

"ታዲያ?"

እሳቱን አዩ። "ያኔ እንደዚያ አይቆጠርም ነበር" አሉ።

ሌሊሴ ጭቃ የያዘ ቦቲዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

አዴ ቦንቱ ግን ለዓመታት ይዘው የቆዩትን ለቀቁት። "ሴት በሴት ላይ ስወልድ ለመንኩት። ወንድ ልጅ አለህ፣ ጥራው፣ ቤትህ ይግባ አልኩት። 'የሰው ልጅ ነው' ይለኛል። የጎረቤት ሴቶች ሲያሙኝ፣ ወንድ ያልወጣላት ሲሉኝ፣ ልጁ እዚህ በር ላይ ማጭዱን ሊዋስ ይመጣል፤ ዝም እላለሁ። ዛሬ ስልክ ተናገረልኝ።"

"ቦንቱ፣ በቃ" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

"በቃኝ እንጂ" አሉ እሳቸው፤ ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ጫላ እስከዚያ ድረስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። "አቤራ" አለ። "እኔ እኮ አባት የለኝም ብዬ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት አባት አምጣ ስባል እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። እርስዎ ማሳው ላይ ነበሩ።"

"ነበርኩ እኮ" አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ድምፃቸው ወረደ። "አንድ ክረምት ቀርቼ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

ሌሊሴ በዚህ መሐል ቦርሳዋን ከፍታ ያልተከፈተ ማሸጊያ አወጣች፤ ለአንድ ሌላ ዘመድ ብላ የያዘችው ቱቦ ነው። ከነርስነቷ ይመስለኛል፣ በጓንት የምትይዝ ያህል በጥንቃቄ አሳየቻቸው። "ካመናችሁ ይትፉበት። የሆነው በትክክል ይታወቅ። ከዚያ ማንም በእናቴ ላይ ምንም አይልም። እኔም አልልም።"

ኦቦ ዲንሳ ቱቦውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት። "ባርሲሳ፣ ይሄ ምን ይላል?"

"እርስዎ ለጫላ አባቱ እንደሆኑ ይላል" አልኩ።

"ጉዲናንስ ምን ይለዋል?"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "እሳቸውን... አጎቱ ያደርጋቸዋል።"

"አየህ" አሉ። ቱቦውን ወደ ሌሊሴ መለሱላት። "ወንድሜ አፍ የለውም። ሰጥቼው የነበረውን እሱ ዝም ባለበት ልወስድበት ነው? አልተፋም።" ከዚያ ወደ ጫላ ዞሩ። "እናትህን ንጹሕ ናት ብዬ በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ፤ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ። ይሄን ግን አላደርግም።"

"እኔስ ከእንግዲህ ማን ልበልዎት?" አለ ጫላ።

"እስካሁን ያልከኝን።"

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየንም። በር ላይ ስንሰናበት ጫላ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው ጭንቅላቱን ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርገው ያዙት። ይህን ያየሁት ከኋላ ስለነበርኩ ነው።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይከፋል። ሌሊሴ እናቷ ዘንድ ትሂድ አትሂድ አልጠየቅናትም፤ ለመጠየቅ ጉልበት የነበረን አይመስለኝም። አጥሩ ሥር ስንደርስ ግን አዴ ጌጤ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አዴ ቦንቱ ደውለውላቸዋል።

"በጭቃሽ አትግቢ" አሏት፤ ሰላምታቸው ይህ ነበር። ከጎን ለብ ያለ ውሃ በመታጠቢያ ተዘጋጅቷል፣ መቀመጫ ዱካም ቀርቧል። ሌሊሴ ጥላዋን እንደያዘች ቆማ ቆየች። የምትገባ መስሎኝ አልነበረም። ከዚያ ጥላዋን አጠፈችና ዱካው ላይ ተቀመጠች። አዴ ጌጤ ጎንበስ ብለው ቦቲዋን ፈቱ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ አገቡ።

እኔና ጫላ ከበሩ ውጪ ነበርን፤ ልንሄድ ስንል ግን አዴ ጌጤ መናገር ጀመሩና እግራችን አልነሣ አለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" ያለችው ሌሊሴ ናት።

"መቼ? በዓል ዋዜማ መጥተሽ በማግስቱ ስትሄጂ?" እግሯን ማጠባቸውን አላቆሙም። "ለቅሶው እንዳለቀ የአባትሽ ዘመዶች ሁለት ነገር አሉኝ። ወይ ወደ ወላጆችሽ ቤት ተመለሽ፣ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች አሉኝ። ወይ ከዚሁ ቤት ትቀመጫለሽ፣ ዓመት ሲሞላ ዲንሳ ይረከብሻል። እቀመጣለሁ አልኩ፤ ልጄን ከተዋችሁልኝ ብዬ። እሺ አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አክስትሽ መጣች፤ አምቦ ትምህርት ቤት አለ፣ ለልጅቷ ይበጃታል አለች። እኔ አንዴ እሺ ብያለሁ፤ እሺዬን መልሱልኝ አይባልም።"

"አንቺ ነሽ ልብሴን የቋጠርሽው። አስታውሳለሁ።"

"እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢቋጥረው የሚበርድሽን አያውቅም።"

ሌሊሴ እጆቿን ዝቅ አድርጋ የእናቷን እጆች ከነውሃው ያዘቻቸው። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ጫላ ክንዴን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወሰደኝ።

እሷ እዚያው አደረች፤ ጫላም አብሯት። እኔን ወደ አምቦ በሚመለስ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አሳፈረኝ። ሲሸኘኝ፣ "ቲቼ፣ አረንጓዴው እኮ ግማሽ አይደለም። ሁለት አባት ነው" አለኝ። በባዮሎጂ ትክክል ይሁን አይሁን ላስረዳው አልሞከርኩም። ሹፌሩ እስከ ጉደር ድረስ ስለ ሽንብራ ገበያ አወራኝ፤ እኔ ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ እሺ እሺ እያልኩ ሄድኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የቀየርኩት ነገር ቢኖር የቤት ሥራውን ነው። የዘር ሐረግ አሁንም አስተምራለሁ፤ ክብና አራት ማዕዘኑን አሁንም እስላለሁ፤ ግን በሰሌዳው ላይ የምስለው ስም የሌላቸውን ሰዎች ነው። የቤተሰባችሁን አምጡ አልልም። አንድ ተማሪ ቤት ሄዶ እናቱን ከመጠየቁ በፊት እናቱ ልትመልስ የምትችለው ነገር ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም።

በእጃችሁ እንዲህ ያለ ውጤት ከገባ ደግሞ የምላችሁ ትንሽ ናት። ከስሙ ሥር የተለጠፈው ቃል ግምት ነው፤ ቁጥሩንና ሥዕሉን እዩ። ቁጥሩ ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይነግራችኋል፤ ማን ማንን እንደበደለ፣ ማን ለማን ምን ቃል እንደሰጠ አይነግራችሁም። ይህን የሚነግሯችሁ ገና በሕይወት ያሉት ናቸው፤ ከእነሱም አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ነገሩ የሚመለከተውን ሰው ይሁን። እኛ መጀመሪያ የሄድነው ከአዴ ጌጤ በር አልፈን ነው።

ሌሊሴ ከዚያ ወዲህ ስትመጣ የምታርፈው እጃጂ ነው። ኦቦ ዲንሳ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቀብራቸው ከጫላ ጋር ሄጄ ነበር። ሴቶች ልጆቻቸው ከነባሎቻቸው ከፊት ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ አንድ ሽማግሌ ጫላ ወደ ፊት እንዲቀርብ በዓይናቸው አመለከቱት። የወንድ ልጅ ቦታ ባዶ ነበር። ጫላ ራሱን ነቀነቀና የወንድም ልጅ በሚቆምበት ቦታ ቆመ። እያለቀሰ ሲጣራም "አቤራ" እያለ ነው።

አዴ ጌጤ ከጎረቤት ሴቶች መካከል፣ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ የሟች የወንድም ሚስት የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ማንም የተለየ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላላቸውም። ከቀብር ተመልሰን ወንዶቹ በወንዶቹ ወገን ስንቀመጥ፣ ጫላ ከመካከላችን ተነሣ፤ ሴቶቹን እየተሻገረ ሄዶ ከእናቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እዚያ ወንድ አይቀመጥም። ተነሥ ያለው ሰው ግን አልነበረም።